የሀሮ ዲማ ጣቢያ ሴት ልጆች

እየሩስ የግቢውን በር ስትከፍት ነጭ ቱታ የለበሰ፣ አፍና አፍንጫውን የሸፈነ፣ በአንድ እጁ ሣጥን ያንጠለጠለ ሰው ቆሞ አየች። ምንም አልጠየቀችውም። ማዳም ጠዋት "የኮሮና ምርመራ ሰዎች ይመጣሉ፣ አንቺ ቅደሚ" ብላት ነበር። ስለዚህ ጭምብሏን ወደ አገጯ አወረደችና ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ወደ ኋላ ቀለሰች። ያ ቀጭን እንጨት አፍንጫ ውስጥ ሲገባ ያማል ስለተባለች የበሩን ብረት ጨምድዳ ያዘች። "በስመ አብ" አለች ለራሷ።

ጠበቀች። የነካት ነገር የለም።

"እኅቴ" አለ ሰውየው ጥርት ባለ አማርኛ፣ "እኔ የመጣሁት ኤሲውን ላየው ነው።"

ዓይኗን ስትገልጥ ሣጥኑ ውስጥ መፍቻና ፒንሳ ነው ያለው። ሰውየው ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል ትከሻው ይርገፈገፋል። እየሩስ ጭምብሏን እስከ ዓይኗ ሥር ድረስ ሳበችው።

"ሳቅህን ጨርስና ግባ" አለችው።

"ኧረ እኔ ምን አልኩ! አፍንጫሽም ደህና ነው፤ ምንም አላየሁበትም።"

ስሙ ታምሩ ነበር። አቡ ዳቢ ዳርቻ ካለው ሙሳፋህ ነው የመጣው፤ የሚሠራበት ድርጅት አል ዐይን ውስጥ ጥገና ሲኖር እሱን ይልካል። ማዳም ባዕድ ወንድ ቤት ውስጥ ብቻውን እንዳይሆን ስላዘዘቻት እየሩስ መሰላሉ ሥር ቆማ ትጠብቀው ጀመር። ሰው ሁሉ ሰውን በሚሸሽበት በዚያ ግንቦት፣ ከቤተሰቡ ውጪ የሆነ ሰው በቅርብ ካየች ሰንብታለች።

"አገርህ የት ነው?"

"ድሬ።"

"ድሬ ከየት?"

"እውነቱን ከጠየቅሽኝ ድሬም አይደለሁ። ድሬ የምለው ለሰው እንዲገባው ነው። ሀሮ ዲማ የሚባል የባቡር ማቆሚያ አለ። ነበረ ልበል። አታውቂውም።"

እየሩስ ታውቀዋለች። የተወለደችው እዚያ ነው። እግር አውጥታ ሳትሄድ ብትለቀውም እናቷ እስክትሞት ድረስ ከአፏ አይጠፋም ነበር። ግን "አላውቀውም" አለችው። እዚያው አል ዐይን፣ ፈላጅ ሃዛ በሚባለው ሰፈር በአንድ ቤት ወጥ ቤት ሆና ብዙ ዘመን የሠራችው አክስቷ ሸዋዬ፣ እየሩስ ከአውሮፕላን የወረደች ዕለት ነው ምክሯን የሰጠቻት፦ ሰው አገር ላይ የሚስቅልሽን ሁሉ አትመኚ፤ ስለ ራስሽ ግማሹን ተናገሪ፣ ግማሹን ዋጪ። እየሩስም ከአክስቷ በላይ ሆነች። ግማሹን እንኳ አትናገርም።

ታምሩ ሲሄድ "ኤሲው ድምፅ ካሰማ ደውይ" ብሎ ስልክ ቁጥሩን ሰጣት።

ኤሲው ድምፅ አላሰማም። እሷ ግን ደወለች።

ሰኔ ላይ ከአቡ ዳቢ ወደ አል ዐይን የሚወስደው መንገድ ተዘጋ። ታምሩ ሙሳፋህ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በአንድ ክፍል ታጉሮ፣ እሷ አል ዐይን፣ አል ቶዋያ ሰፈር በማዳሟ ግቢ ውስጥ ተከታ፣ ሥራዋን ስትጨርስ ቦቲም በሚባለው የስልክ መደወያ ያወራሉ። የሚያወሩት ደግሞ ሌላ ነገር አይደለም፤ እሷ እየጠየቀች እሱ ስለ ሀሮ ዲማ ይነግራታል። እናቷ የነገረቻትን ከእሱ አፍ በሌላ በኩል መስማቱ ደስ ይላታል። እሱ ግን ለምን እንደምትጠይቀው አያውቅም።

"ጣቢያው የተሠራው ለሰው አይደለም፣ ለባቡሩ ጥም ነው" አላት አንድ ቀን። "የጥንቱ ባቡር በእንፋሎት ስለሚሄድ በረሃው መሃል ላይ ውኃ መጠጣት ነበረበት። ፈረንጆቹ አንድ የብረት ጋን በአራት እግር አቆሙ፤ ከጎኑ አንዲት የድንጋይ ክፍል ሠሩ። ከዚያ ሐዲድ የሚጠግኑ ሰዎች መጡ። ለእነሱ ወተት የሚሸጡ መጡ። በቃ፣ ሀሮ ዲማ ይኸው ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ በናፍጣ የሚሄደው መጣ። ናፍጣ ውኃ አይጠጣም። ጋኑ ዛገ፣ ሰዉ ግን ቀረ። ባቡሩም እኛ ጋ የሚቆመው ለይሉኝታ ነበር። ሊቶሪናው፣ ያ ፈጣኑ የመንገደኛ ባቡር፣ ደግሞ ጭራሽ አይቆምም፤ ያዘግማል፤ አንቺ ነሽ ተንጠልጥለሽ የምትገቢው። አባቴ የጣቢያው ሹም ስለነበረ ባንዲራውን ይዞ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሾፌሩ እጁን ያውለበልብለታል፣ ያልፋል። በመጨረሻ እሱም ቀረ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከተራራው ወዲያ ነው የሚያልፈው፤ ድምፁም አይሰማ። አባቴ ሞተ፣ እናቴ ድሬዳዋ ገባች። የድንጋይዋ ክፍል አሁን የፍየል ናት።"

"ክርስቲያኑ ሰው ቤተ ክርስቲያን የት ይሄድ ነበር?"

"በባቡር ነዋ! ሁለት ጣቢያ አልፈን።"

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሰኔ አለቀ። እየሩስ ስልኩ ሲጮኽ ልቧ አብሮ መዝለል ጀመረ። ይኼን ስታውቅ ደነገጠች። ሁለቱም ዓይን አፋር ነበሩና ነገሩን በጋኑና በሐዲዱ ጀርባ ሸሸጉት።

ታዲያ አንድ ከሰዓት በኋላ አፏ አመለጣት። ታምሩ ልጅ ሆኖ ከጋኑ ላይ ወድቆ ክንዱን እንደተሰበረ ሲነግራት፣ "በስተኋላ ባለው መሰላል ነው የወጣኸው? የመጨረሻው እርከን ጎዶሎ ነበር እኮ" አለች። እናቷ ሁልጊዜ የምታነሳው ነገር ነው።

ታምሩ ወሬውን አቋረጠ።

"አንቺ ይኼን በምን አወቅሽ?"

"ሰማሁ።"

"ከማን?"

"አባቴ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ከጣቢያ ጣቢያ ያዛውሩት ነበር። ምናልባት እዚያም ነበርን።"

ቀጥሎ የመጣው የታምሩ ድምፅ የወትሮው አልነበረም፤ እንደ መርማሪ ፖሊስ ደረቀ። "የክርስትና ስምሽ ማን ነው?"

እየሩስ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች። "ምን ይሠራልሃል?"

"እንዲሁ ነው። የእናትሽስ ስም?"

ዘጋችበት።

የክርስትና ስምን ከእናት ስም ጋር አጣምሮ የሚጠይቅ ሰው ምን እንደሚፈልግ ያገሯ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። በእነዚህ ሁለት ስሞች ነው ደብተራው የሚደግመው፣ በእነሱ ነው ክታቡ የሚጻፈው። እየሩስ ዲፕሎማ ይዛለች፤ እንዲህ ያለውን ነገር አምናለሁ አትልም። ግን ስልኩን ጭራሹን አጠፋችው። ያ ሁሉ ሳቅ፣ ያ ሁሉ የጋንና የሐዲድ ወሬ፣ ለካ ወደዚህ ሊያመጣት ነው? መጀመሪያውኑ ሀሮ ዲማን ያነሳው እሱ አይደል? ማን ነግሮት መጣ?

በማግሥቱ ከአክስቷ ጋር በሰፈሩ በቃላ፣ በትንሹ የሸቀጥ ሱቅ፣ በር ላይ ተገናኙ። ሸዋዬ ከአሠሪዎቿ ሾፌር ጋር ዕቃ ልትገዛ መጥታ ነው። መሬቱ ላይ በተለጠፈው ክብ ምልክት ላይ እያንዳንዳቸው ቆመው፣ በመሃላቸው አንድ ሰው የሚያስተኛ ክፍተት ትተው፣ ተጯጯሁ።

"የክርስትና ስም?" አለች ሸዋዬ፣ ጓንት ባጠለቀ እጇ እያማተበች። "ከነእናት ስም? ወይኔ ልጄን! ይኼ እኮ ኤሲ ሠሪ አይደለም፣ ደጋሚ ነው። እዚህ እኛ ሰፈር አንዷ እንደ ቀልድ ሰጥታ፣ ድስት እያማሰለች ስሙን ትጠራ ጀመር። ማዳሟ አብዳለች ብላ ሰደደቻት።"

"አክስቴ፣ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! ወደድሽው እንዴ?"

እየሩስ ጭምብሏን ወደ ላይ ሳበችው።

"ወደሻል። እንግዲያው ድግምቱን ገና ሳይጀምረው ያዘሽ። ስሚኝ፣ ዝም ካልሽው ይጠረጥርሻል። ሌላ ስም ስጪው። በሌላ ሰው ስም ቢደግም ራሱ ላይ ነው የሚመለስበት።"

እየሩስ ያን ቀን ከሰዓት ለታምሩ ደውላ "ወለተ ሥላሴ ነኝ" አለችው። "የእናቴን ስም ግን አልሰጥህም፤ እሱ ይቅርብህ።" እውነተኛው የክርስትና ስሟ አስካለ ማርያም ነው። ስትዋሽ ድምፅዋ ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ይኼም ገረማት።

በማግሥቱ ታምሩ ማልዶ ደወለ። ደስታው በስልኩ ቀዳዳ ይፈስ ነበር።

"እናቴን ጠየቅኳት፤ የለችኝም አለች! ወለተ ሥላሴ የምትባል የለችኝም አለች!"

"ምንህ ነው የሌለችህ?"

"ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ከትናንት ወዲያ ያስፈራሁሽ መሰለኝ። እናቴን እልፍነሽ ይሏታል። የጣቢያ ሹም ሚስት በባቡር በነጻ ነው የምትሳፈረው፤ ሕጉ ነው። ሰዉ ደግሞ ድኃ ነው፤ ልጅ ክርስትና ለማስነሳት ለእናትየውም ለክርስትና እናቲቱም መሳፈሪያ መክፈል አለበት። እና ምን ተደረገ? ሁሉም እናቴን ይለምናታል። በነጻ ትሄዳለች፣ ታነሳለች፣ ትመለሳለች። የሀሮ ዲማ ክርስቲያን ሴት ልጆች ባጠቃላይ የእናቴ የክርስትና ልጆች ናቸው። ልጅ ሆነን ጓደኞቼ 'አንተ ከዚህ ጣቢያ ሚስት አታገኝም፣ አገሩ በሙሉ እኅትህ ነው' እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አንቺ ያን መሰላል ስታነሺ... እየሩስ፣ ደሜ ቀዘቀዘ። እኅቴ ብትሆኚስ ብዬ። ሳላጣራ ደግሞ ላገባሽ እፈልጋለሁ ማለት አፈርኩ።"

እየሩስ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

አሁን መናገር ነበረባት። በኋላ ስታስበው፣ አንድ ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚበቃት። ከዚያች ትንፋሽ በኋላ እሱ ስለ ሽማግሌ ማውራት ጀመረ፤ አጎቱ በስልክ አክስቷን እንደሚያናግሩ፣ መንገድ ሲከፈት እሱ ራሱ እንደሚመጣ ይነግራታል፤ እሷም "እሺ" ትላለች።

ለሸዋዬ ስትነግራት አክስቷ መጀመሪያ የጠየቀችው የአባቱን ስም ነው።

"ወልደጊዮርጊስ። የሀሮ ዲማ ጣቢያ ሹም የነበሩት።"

ሸዋዬ ስልኩ ላይ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። "ኸላስ። አለቀ። ወንድምሽ ነው። አንቺን ያነሳችሽ እልፍነሽ ናት።"

"በዓይንሽ አየሽ?"

"እኔ ያኔ ድሬ ነበርኩ። እናትሽ ነገረችኝ።"

"እናቴ ለእኔ አልነገረችኝም።"

"የዚያን ሰውዬ ቤት ስም ማንሳት አትፈልግም ነበራ! ወንድሜ፣ አባትሽ፣ ሐዲድ ላይ ሞቶ አርባው እንኳ ሳይወጣ፣ ሹሙ ወልደጊዮርጊስ 'ቤቱ የሠራተኛ ነው' ብሎ እናትሽን አንቺን እንዳዘለች አስወጣት። አበልጁን! እኔ ቤት ገብተሽ በኔ ባል ስም ያደግሽው ለምን ይመስልሻል? ሂጂና የዚያን ሰው ልጅ አግቢ እንግዲህ!"

እየሩስ ስልኩን ከዘጋች በኋላ የአክስቷን ንግግር እንደ ምስር ትለቅመው ጀመር። ድንጋዩን ለይታ ለመጣል ነው። በዓይኗ አላየችም። ቂም አላት፤ ሰውየው ቢሞትም ቂሟ አልሞተም። ደግሞስ እኔ ካገባሁ ማን ይቀርላታል እዚህ አገር? ትናንት ደጋሚ ነው አለች፣ ዛሬ ወንድምሽ ነው አለች፣ ነገ ምን ልትል ነው? የታምሩ እናት "የለችኝም" ማለቷን ግን አልመረመረችውም። ያ ቃል የቆመው በራሷ ውሸት ላይ መሆኑን ታውቃለች፤ ስለዚህ ወደዚያ አልሄደችም።

እውነተኛ የክርስትና ስሟን ከአክስቷ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። እናቷ ሞታለች። አክስቷ ደግሞ ብትናገር ቂመኛ ናት ይባላል። እየሩስ ዝም ካለች ያለ ምንም እንከን ትዳራለች። ይኼን አስባ ጨረሰችና የራሷ ልብ አስፈራት። አክስቷ መዋሸቷን የሚያረጋግጥላት አንድ ሰው ብቻ ፈለገች፤ ከዚያ በኋላ በሰላም ትተኛለች።

ታምሩ በወሬው መካከል ኡሙኩልሱም የሚሏትን ሴት አንስቶ ነበር። ጣቢያው ላይ ለመንገደኛ የግመል ወተት ትሸጥ የነበረች፣ አሁን አቡ ዳቢ ልጇ ኑርያ ዘንድ የምትኖር ባልቴት ናት። ማቀዝቀዣቸው ሲበላሽ የሚያበጀው እሱ ነው። እየሩስ "የጣቢያውን ታሪክ ከሷም መስማት እፈልጋለሁ" ብላ የሴትዮዋን ስልክ ቁጥር ጠየቀችው። ደስ እያለው ላከላት።

"አዴ ኡሙኩልሱም፣ የድሬ ልጅ ነኝ" አለች ስትደውል። ድሬ አንቱታ ስለማያውቅ እሷም "አንቺ" አለቻት። "ስለ ሀሮ ዲማ እንድትነግሪኝ ነው።"

"ሀሮ ዲማ!" ባልቴቷ ጮኸች። "አንቺ ልጅ፣ ማን ላከሽ? እዚህ ፎቅ ላይ ቆልፈውብኝ የማወራው ሰው አጥቼ ከማቀዝቀዣው ጋር ነው የማወራው! ጠይቂ፣ የፈለግሽውን ጠይቂ!"

እየሩስ ስለ ጋኑ ጠየቀች፣ ስለ ወተቱ ጠየቀች። ከዚያ የእናቷን ስም አንስታ፣ "ጥሩወርቅ የምትባል ሴት ነበረች?" አለች።

"የሐዲድ ሠራተኛው ሚስት? ወላሂ እንዴት ትረሳለች! ባቡሩ ልጇን ይዞባት የሄደው እኮ እሷ ናት!"

"የምን ልጇን?"

"ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ነበር። ከእልፍነሽ ጋር። ያን ቀን ሊቶሪናው ዘግይቶ መጣ። የዘገየ ሊቶሪና ደግሞ ጭራሽ ፍጥነቱን አይቀንስልሽም። እልፍነሽ የለመደች ናት፣ እንደ ፍየል ዘላ ገባች። ጥሩወርቅ ሕፃኗን በበሩ አቀበለቻት። ራሷ ልትወጣ ስትል ነጠላዋ እግሯን ጠልፎ ጣላት። ሄደላ! ሐዲዱን ይዛ ሮጠች፤ እኔ ወተቴን ጥዬ ተከትዬ ያዝኳት። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ጡቷ እየፈሰሰ ልብሷን አርሶት፣ ተመላሹን ስትጠብቅ ዋለች። እኔም አብሬያት ዋልኩ። ወተቱም ረጋ።"

"ተመለሱ?"

"ተመለሱ እንጂ! ገና ከሩቅ እልፍነሽ ግማሽ ሰውነቷን በመስኮት አውጥታ ስትጮህ ሰማን። 'ጥሩወርቅ! አስካለ ማርያም ተብላለች! አስካለ ማርያም!' ጣቢያው በሙሉ ሰማ። እኛ እስላሞቹ ሳንቀር ስሟን ያዝነው። ሌላ ስም ቢያወጡላትም እኔማ አስካለ ነበር የምላት።" ባልቴቷ ሳቋን ስትጨርስ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ያቺ ልጅ የት ደርሳ ይሆን? ታውቂያለሽ?"

እየሩስ ግድግዳውን ተደገፈች። ዕድሜዋን ሙሉ ከሰው የደበቀችው ስም ገና ከመጀመሪያው ቀን በባቡር መስኮት ተለፍፏል።

"እዚሁ አገር ናት" አለች። "ደህና ናት።"

"አልሐምዱሊላህ።"

አመስግና ዘጋች። አክስቷ አልዋሸችም። የዋሸችው አንድ ሰው ብቻ ናት።

እስኪመሽ አልጠበቀችም። የማዳምን ልጆች ልብስ በካውያ ታስተካክል ነበርና ካውያውን ከሶኬት ነቅላ ለታምሩ ደወለች።

"ስሜ ወለተ ሥላሴ አይደለም" አለችው። "አስካለ ማርያም ነው። እናቴ ጥሩወርቅ ትባላለች። እናትህ ናት ያነሳችኝ።"

ከታምሩ ኋላ የባልደረቦቹ ጫጫታ ይሰማል፤ አንዱ ስለ ሩዙ ይጨቃጨቃል።

"ለምን ዋሸሽኝ?"

"የምትደግምብኝ መስሎኝ።"

"እኔ?" አለ። ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። "አስካለ ማርያም። እናቴ ሁልጊዜ ስትጸልይ ትጠራሻለች እኮ። ከኔ ስም ቀጥሎ ነሽ። ልጅ ሆኜ ይህቺ ደግሞ ማናት እያልኩ እቀናብሽ ነበር።"

"ታምሩ..."

"ዝም ብትዪ እኮ ማንም አያውቅም ነበር።"

"አዎ።"

"እኔም አላውቅም ነበር።"

"አንተ አታውቅም ነበር" አለች እየሩስ። "እኔ ግን አብሬህ እያረጀሁ አውቀው ነበር።"

ማዳም ከታች ጠራቻት፤ ስልኩን ዘግታ ወረደች።

ታምሩ በዚያው ቀን ለእናቱ ነገራት። እልፍነሽ በማግሥቱ ከድሬዳዋ ደውላ "ልጄ" ብላ አለቀሰች፤ ባሏ ጥሩወርቅን ከቤት ስላስወጣበት ነገርም ይቅርታ ጠየቀች፤ እየሩስም ሸዋዬን አገናኘቻቸውና ሁለቱ አሮጊቶች ተነታርከው ታረቁ። መንገዱ ሲከፈት ታምሩ አልመጣም። በጥር ድሬዳዋ ገብቶ እናቱ የመረጠችለትን ልጅ አገባ። እየሩስ ኮንትራቷን አድሳ አል ቶዋያ ቀረች።